የጨፋ ረግረግ ሒሳብ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ አውቶቡስ 325ኛው ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ከሚሴ ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,424 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 20 ሺህ አልሞላም ነበር። መቀመጫነቷ ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው፤ ባቲን፣ ደዋ ጨፋን፣ ደዋ ሀረዋን፣ አርጡማ ፉርሲንና ጅሌ ጥሙጋን ያቀፈው ይህ ዞን በዚያው ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ሕዝብ ተመዝግቦበታል። ለብዙው መንገደኛ ግን ከሚሴ ሙቀትና ምሳ ናት። በመልሱ ጉዞ ከኮምቦልቻ ወርዶ ሐርቡን ካለፈ በኋላ በመስኮቱ በኩል የሚዘረጋው ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ ብዙም ትኩረት አያገኝም። ያ ሜዳ ጨፋ ነው። በአገር አቀፍ ካርታ ላይ የጣት ጫፍ ይሸፍነዋል።

ሜዳውን የሚያጠጣው ቦርከና ነው። ወንዙ ከደሴና ከኩታበር ደጋ ይነሳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ግድም። በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቁልቁለቱ በያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 26 ሜትር ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ከሚሴ ባለው 50 ኪሎ ሜትር ላይ ግን በኪሎ ሜትር ወደ 8 ሜትር ይቀንሳል፤ ሜዳው መሀል ሲደርስ ደግሞ ቁልቁለት መኖሩ ራሱ ያጠራጥራል። ከደጋ እየተወረወረ የመጣ ውኃ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል። ያዘለውን ደለል ይጥላል፣ ይንጣለላል፣ በቄጠማው መሀል ይተኛል። ከዚያ በኋላ የተረፈው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ውኃው የሚተኛበትን ጉድጓድ የቆፈረው ወንዙ አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት በዚህ አገር ላይ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ዐለት ተደራርቦ በአንዳንድ ቦታ 2,000 ሜትር ውፍረት ደርሷል። ኋላ አፋር ሲሰነጠቅና ሲሰምጥ የደጋው ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሰበረ። ከደረጃዎቹ አንዱ ከግራና ከቀኝ በስንጥቅ ተይዞ ዝቅ አለ፤ የቦርከና ሸለቆ የተባለው ይኸው ነው። ሥራው ገና አላለቀም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር በካራ ቆሬ አካባቢ በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፣ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎዳች፣ መሬቱ ተሰነጣጠቀ፣ የአዲስ አበባ አሥመራ አውራ ጎዳና ተበላሸ። በድንጋይ ዕድሜ ሲለካ ይህ የትናንት ማታ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ውኃው። በአካባቢው በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ ይጥላል። በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት 10,000 ሊትር ውኃ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሄክታር በዓመት ከሰማይ ብቻ 10 ሚሊዮን ሊትር ይቀበላል። ከደጋ የሚወርደው ጎርፍ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። ሄክታሩ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከጉልበት በታች፣ ውኃ ቢይዝ በላዩ የቆመው 3 ሚሊዮን ሊትር ነው። የቆላ ፀሐይ ደግሞ ከክፍት ውኃ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ታነሳለች፤ ከአንድ ሄክታር 50,000 ሊትር በየቀኑ፣ ያለ ባልዲና ያለ ድምፅ። አንባቢ ይህችን 50,000 ይያዛት፤ ከታች ታስፈልጋለች።

በውኃው ዳር ፊላ ይበቅላል። ቡናማ ራሱ ከሩቅ የተጠበሰ ሥጋ የተሰካበት እንጨት ይመስላል፤ ሲደርቅ በጣት ጫን ቢሉት ፈንድቶ እንደ ጥጥ ይበተናል። ከአንድ ራስ የሚወጣው ዘር 200,000 ይደርሳል። በአንድ ካሬ ሜትር 5 ራስ ብቻ ቢቆም 1 ሚሊዮን ዘር ነው። ሄክታሩ 10,000 ካሬ ሜትር ነውና 10 ቢሊዮን ዘር ይሆናል፤ የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን አካባቢ ነው። አብዛኛው ዘር ውኃ ላይ ወድቆ ይጠፋል። ፊላው አይጨነቅም፤ ከመሬት በታች በሥሩ እየተራመደ ይሰፋል።

ከፊላው ሥር አምባዛ አለ። ከጉንጩ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ውኃው በበጋ ሟሙቶ ጭቃ ሲሆን ሌላው ዓሣ ያልቃል፣ እሱ ግን እየተንፈራገጠ ይሰነብታል። እንቁላሉን የሚጥለው በ10 ሺዎች ነው። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝም እዚሁ ናት፤ በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 200 እንቁላል ትጥላለች፣ ልጇም በሙቀቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ክንፍ ታወጣለች። 100 እንቁላል ጥላ ግማሾቹ ሴት ቢሆኑ፣ አንዷም ሳትጎድል ሁሉም እንደ እናታቸው ቢራቡ፣ አምስተኛው ትውልድ ላይ 312 ሚሊዮን ተኩል ሴት ትንኞች ይቆጠራሉ። ጊዜው ከአንድ ክረምት አይረዝምም። ይህ ቁጥር የማይደርሰው ዓሣው፣ እንቁራሪቷ፣ የውኃ ተርብ እጭና ወፉ ሌት ተቀን ስለሚበሉ ነው። ረግረግ ትንኝ ያፈራል ብሎ የሚያማርር ሰው፣ ረግረጉ ስንት ትንኝ እንደሚበላም ቢያሰላ ደግ ነበር።

ወፎቹ ሁሉም የአገር ተወላጅ አይደሉም። ከአውሮፓና ከእስያ በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል ወደ አፍሪካ የሚወርደው የአየር መንገድ፣ ክንፍ ዘርግተው የሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች ከሚጓዙባቸው የዓለም መስመሮች በአስፈላጊነቱ ሁለተኛ ነው። ንስሩ፣ ጭልፊቱ፣ ሽመላው ተደምሮ 37 ዓይነት፣ በቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ በዚህ መስመር ያልፋል። ነጭ ሽመላ እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን፣ ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር የሚደርስ ወፍ ነው። በ1822 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አንድ ሽመላ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአፍሪካ ጦር አንገቱን ሰንጥቆ እንደተሰካ ተገኘ፤ አውሮፓውያን ወፎቻቸው ክረምቱን የት እንደሚያሳልፉ በእርግጠኝነት ካወቁባቸው ማስረጃዎች አንዱ ያ ጦር ነው። ሽመላው ዛሬም ከነጦሩ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ይታያል።

ትንሿ ግን የበለጠ ታስገርማለች። ጅራቷን ሽቅብ ቁልቁል እያወዛወዘች በከብቶች እግር ሥር የምትሮጥ ሆዷ ቢጫ ወፍ አለች፤ በበጋ የኢትዮጵያ ግጦሽ ሜዳዎች ሁሉ ያውቋታል። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። የምትራባበት አገር እስከ ሩሲያ ይዘልቃል። ሞስኮና ከሚሴ በካርታ ላይ በአንድ መስመር ሰሜንና ደቡብ ላይ ያሉ ያህል ናቸው፤ በመካከላቸው 45 ዲግሪ፣ ማለትም 5,000 ኪሎ ሜትር አለ። ደርሶ መልስ 10,000። ስንቋ በቆዳዋ ሥር ያጠራቀመችው ጥቂት ግራም ስብ ብቻ ነው።

ነጯ ሳቢሳ የትም አትሄድም፤ ላሟ ካለችበት አለች። 350 ግራም የምትመዝን ወፍ 250 ኪሎ ከምትመዝን ላም አፍ ሥር ቆማ ትታያለች፤ ልዩነቱ 700 እጥፍ ነው። ላሟ አንድ እርምጃ ስትራመድ ሳቢሳዋም ትራመዳለች። ላሟ ሣር ስትነጭ ፌንጣው ይዘላል፣ የሳቢሳዋ አንገት ይወነጨፋል፣ ፌንጣው የለም። እንደገና አንድ እርምጃ። እረኛው ከዚህ ትርኢት ጋር ስለሚውል ቀና ብሎም አያየው። ይህችው ወፍ በራሷ ክንፍ አትላንቲክን ተሻግራ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደቡብ አሜሪካ ገብታለች፤ ከዚያም በመቶ ዓመት ውስጥ አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ወርሳለች።

የዞኑ ገበሬ ስለ ወፍ ሲነሳ የሚያስበው ግን ሳቢሳን አይደለም፤ ግሪሳን ነው።

ግሪሳ 20 ግራም ነው፤ 50 ግሪሳ አንድ ኪሎ አይዘልም። በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች በቁጥር የሚተካከለው የለም፤ ለመራባት የደረሰው ብቻ 1.5 ቢሊዮን እንደሚሆን ይገመታል። ሲመዘን 30,000 ቶን፣ ወይም 300 ሺህ ኩንታል ማለት ነው። ማደሪያው ፊላው፣ ሸምበቆውና ግራሩ ነው። በሚራባበት ቦታ በአንድ ሄክታር 30,000 ጎጆ ተቆጥሮ ያውቃል። ወንዱ ጎጆውን በሁለት በሦስት ቀን ሠርቶ ይጨርሳል፤ ሴቷ ሦስት ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በ10 ቀን ግድም ይፈለፈላሉ። ጎጆ ከመሥራት እስከ ጫጩት ማብረር ያለው ጊዜ ከስድስት ሳምንት አይበልጥም። ማሽላ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የዚህ እጥፍ ነው፣ ከዚያም ያልፋል።

አንድ ግሪሳ በቀን 10 ግራም እህል ይበላል፤ የራሱን ክብደት ግማሽ። 10 ግራም ማሽላ ወደ 400 ፍሬ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ያለውን 12 ሰዓት ለ400 ብናካፍለው፣ ወፉ በየ108 ሴኮንዱ አንድ ፍሬ ይለቅማል ማለት ነው። ብቻውን ቢሆን ማን ይቆጥረው ነበር። 2 ሚሊዮን የሚሆን መንጋ ግን ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው መንጋ በቀን 200 ኩንታል ይበላል። አገራዊው የማሽላ ምርት በሄክታር 25 ኩንታል ግድም ስለሆነ በአንድ ቀን 8 ሄክታር ማሳ፣ በአንድ ሳምንት 56 ሄክታር ተጠርጎ ይሄዳል። ሁለት ሄክታር ያለው ገበሬ ድርሻው ለሦስት ሰዓት ይበቃል።

ገበሬው የሚመልሰው በማማ ነው። ማሽላው ወተት ከያዘበት ቀን ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ከንጋት በፊት በእንጨት ማማ ላይ ይወጣል፤ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ቆርቆሮ፣ ጉሮሮ። ብዙ ጊዜ ማማው ላይ የሚቆሙት ልጆች ናቸው፣ ትምህርት ቤትም ይጠብቃቸዋል። ወንጭፍ አንድ ድንጋይ ይወረውራል፤ ከፊቱ ያለው 2 ሚሊዮን ነው። መንጋው ሲበዛ አውሮፕላን ተጠርቶ ማምሻው ላይ በማደሪያው ፌንቲየን የሚባል መርዝ ይረጫል። መርዙ ግሪሳን ከሳቢሳ አይለይም፤ የሞተውን የሚለቅመው ጭልፊትና ጅብም ድርሻው ይደርሰዋል።

እስከዚህ ያለው ሁሉ የዓመት የዓመቱ ኑሮ ነው። ጨፋ ስንት መሸከም እንደሚችል የታየው ግን በ1994 ዓ.ም. ነው።

በደኅና ዘመንም የቆላው አርብቶ አደር በጋ ሲጠና ከብቱን ወደ ጨፋ ይነዳል። አፋሩ ከምሥራቅ፣ አርጎባውና ኦሮሞው ከዙሪያው ይመጣል። ክረምቱ ቆላውን ሲያረጥብ ይመለሳሉ፤ በመሀሉ የባቲ ሰኞ ገበያና የሰንበቴ እሑድ ገበያ ግመልና ፍየል፣ ቅቤና ማሽላ ያገናኛቸዋል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቆላውን ከዳው፤ ሊመለሱ ሲገባቸው ጭራሽ ሌሎች ተጨመሩ። የተባበሩት መንግሥታት በኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳዮች ክፍል ስለ ጨፋ ሸለቆ ያወጣው ሪፖርት ቁጥሩን ርዕሱ ላይ ነው ያሰፈረው፤ የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ።

50,000 ሰው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በተካሄደው ቆጠራ ከተመዘገበው የከሚሴ ነዋሪ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። 200,000 እንስሳት ደግሞ በዓይን የሚያዝ ቁጥር ስላልሆነ በመንገድ ላይ እናሰልፈው። ግመሉን፣ ላሙን፣ ፍየሉን አማክለን ለእያንዳንዱ 2 ሜትር ብንሰጥና አንድ በአንድ ብናስከትል ሰልፉ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። መሪው ላም ደሴ ስትገባ የመጨረሻው ፍየል ገና አዲስ አበባ መውጫ ላይ ይሆናል፤ በመሀል በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ ባዶ ቦታ የለም። ሰልፉ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ ከሚሴ ድልድይ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ 100 ሰዓት ያልፋል። ሰኞ ጠዋት የጀመረ ዓርብ ከቀትር በፊት ይጨርሳል።

ይህ ሁሉ ይጠጣል። ከ200,000ው ግማሹ የቀንድ ከብትና ግመል፣ ግማሹ በግና ፍየል ነው ብለን እንነሳ። ለትልቁ በቀን 25 ሊትር፣ ለትንሹ 4 ሊትር ብናስብ 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ሊትር ይመጣል። ብዙ ይመስላል። ፀሐይ በቀን ከአንድ ሄክታር 50,000 ሊትር ታነሳለች ብለን ነበር፤ ስናካፍለው 58 ሄክታር ነው። ያ ሁሉ መንጋ ቀኑን ሙሉ የሚጠጣውን ውኃ፣ ፀሐይ ከ58 ሄክታር ላይ ብቻዋን ትጠጣዋለች። ለከብት የሚገደው ውኃ አልነበረም።

የሚገደው ሣር ነው። የእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች ለስሌት የሚጠቀሙበት 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በቀን 6 ኪሎ ከሩብ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ላምን በዚህ መለኪያ 0.7፣ ፍየልን 0.1 አድርገው ይቆጥራሉ፤ ግመሉን ከላም እኩል ብናደርገው እንኳ ከላይ ያሰብነው መንጋ የ80,000 ሙሉ እንስሳት ሆድ አለው። በቀን 5,000 ኩንታል ደረቅ ሣር፤ በ100 ቀን 500,000 ኩንታል። ማንም አልዘራውም፣ ማንም አላረመውም፣ ማዳበሪያም አልተገዛለትም። እንዲያውም ማዳበሪያውን የሚሰጠው በልቶት የሄደው ነው፤ ከተበላው ከ100 እጅ 40 ያህሉ በፋንድያና በእበት ተመልሶ ስለሚወድቅ በቀን 2,000 ኩንታል መሬቱ ላይ ይቀራል። ጢንዚዛው ያሽከረክረዋል፣ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ሣሩ ይነሳል።

ስሌቱ የሚቆመው ረግረጉ ሰፊ ሆኖ እስከቆየ ነው። የጨፋ ዳር እየተቦየ፣ ውኃው በሞተር እየተሳበ ወደ ሽንኩርትና ወደ በቆሎ ማሳ መለወጡ ዛሬ የሚታይ ነገር ነው፤ የሚያርሰውን ገበሬ መውቀስም አይቻልም፣ ልጅ አለው። ከላይም ቦርከና የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ይዞ ይወርዳል። ግን የሽንኩርቱ ማሳ በኩንታል ተቆጥሮ ሪፖርት ሲገባ፣ በድርቅ ዘመን ከብት ያተረፈው ሣር በየትኛውም ዓምድ አይገባም። እንዲህ ያለ ሒሳብ ጎዶሎ ነው።

ቢያንስ ወፉን መቁጠር ይቻላል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ግድም በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ በኢትዮጵያም የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ይህን ቆጠራ ሲያካሂድ ኖሯል። ለቆጠራው የሚያስፈልገው አንድ መነጽር፣ አንድ ደብተርና ማለዳ መነሳት ነው። የከሚሴና የጨፋ ሮቢት መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ጥር ላይ ሜዳው ዳር ቁሙ። ያያችሁትን በዓይነትና በቁጥር፣ ከቀኑና ከቦታው ስም ጋር ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጥርም እዚያው ቦታ ላይ ተመልሳችሁ ቁጠሩ።